ሥራ ላይ ሲጎዱ ካሳ የሚያሳጡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥም ሆነ ደሴ ግንባታ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ አፉን ሲከፍት «ጥፋቱ የራሴ ነው» ይላል። ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም፣ ጉዳቱ በሥራ ምክንያት እስከደረሰ ድረስ ኃላፊ ነው። ድካም፣ መዘናጋት፣ የእጅ መንሸራተት ካሳ አያስቀሩም። የሚያስቀረው ሆን ብሎ ራስን መጉዳት ነው፤ በግልጽ የተሰጠ የደህንነት መመሪያን መጣስና ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ሰክሮ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሪፖርቱ «ጓንት አድርግ ተብሎ እምቢ ብሎ» የሚል ከሆነና ጓንት ካልተሰጠዎት፣ ዝም ብለው አይፈርሙ። «ጓንት አልተሰጠኝም» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት፤ ፎቶም ያንሱት።

ፎርማኑ ለምኖዎት ለሐኪም «ቤት ወደቅሁ» ማለትም ያው ነው። ካርዱ ላይ የሰፈረውን ቃል በኋላ በምስክር ማፍረስ ከባድ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ማሽኑን ለይተው ይናገሩ።

ጉዳቱን በሕመም ፈቃድ ማስመዝገብ ብዙ ሰው የማያስተውለው ኪሳራ ነው። የሕመም ፈቃድ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፍላል፤ የቀሩት 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የሥራ ላይ ጉዳት ግን እስከ 12 ወር ያስከፍላል፦ 3 ወር ሙሉ፣ 3 ወር ከ75 በመቶ የማያንስ፣ 6 ወር ከ50 በመቶ የማያንስ። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሥራ ባይችል በአንዱ 12,000፣ በሌላው ቢያንስ 49,500 ብር ያገኛል። ሕክምናውም የአሠሪው ወጪ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከምርመራ መቅረት ግን ይህን ክፍያ ሊያሳግድ ይችላል።

ድርጅቱ ባቀረበው ወይም በተከራየው ሰርቪስ ሲጓዙ የሚደርስ አደጋ የሥራ ላይ አደጋ ነው። ሰርቪስ አምልጦዎት በራስዎ በያዙት ባጃጅ ከሆነ ግን አይሸፈንም።

የጥጥ ብናኝ የሚስብ ሰው ደረቱን እያፈነው፣ በተለይ ከዕረፍት ማግስት፣ «የደሴ ብርድ ነው» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታም ካሳ አለው፤ ቀኑ የሚቆጠረውም ሠራተኛው መሥራት ካቃተው ወይም በሽታው መጀመሪያ በሐኪም ከታወቀበት ጊዜ ነው። የሚሠሩበትን ክፍልና ለስንት ዓመት እንደሠሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሕክምና ቦርድ የጉዳቱን መጠን በመቶኛ ሳይወስን «ምንም ጥያቄ የለኝም» ብሎ መፈረም ደግሞ ዋናውን ገንዘብ መተው ነው። ጡረታ ለሌለው ሠራተኛ ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል፤ ከፊል ጉዳት ደግሞ በመቶኛው ልክ። የጡረታ መዋጮ የሚቆረጥለት ክፍያው በጡረታ ሕጉ ይታያል። የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ የጽሑፍ ውል የለኝም ብሎ መቅረትም አያስፈልግም፤ የውል ወረቀት አለመኖር መብት አያሳጣም።

የመጨረሻው «አብሽር፣ እናስተካክላለን» የሚለውን ማመን ነው። የቃል ተስፋ ይርጋን፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን፣ አያቋርጥም፤ አሠሪው በጽሑፍ ካመነ ግን ያቋርጣል። ለደመወዝና ለሌሎች ክፍያዎች የተቀመጠው ይርጋ 6 ወር፣ አጠቃላዩ 1 ዓመት ስለሆነ ክርክር ውስጥ ላለመግባት 6 ወሩ ሳይሞላ ይክሰሱ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም።