በብሉቱዝ የሚታዘዝ የእጅ ባትሪ እንዴት ይስተካከላል?

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ የእጅ ባትሪ የገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሞክረው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ማብራትና ማጥፋት ነው። ለልጆች ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ለአዋቂ ግን ብዙም አይረባም፤ ባትሪው ያለው እዚያው እጁ ላይ ነውና። ቁም ነገሩ የብርሃኑን ደረጃዎች እንደ ፍላጎት መወሰን፣ የቀረውን ኃይል ማየትና የሙቀት ገደብ ማስቀመጥ ነው። የፈረንሳዩ ፔትዝል ኩባንያ ናኦ ፕላስ በተባለው የግንባር ባትሪው ላይ ብሉቱዝ ሲያስገባም ዋናው ጥቅሙ ይኸው ነበር። ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ፣ ብሉቱዙን አስተካክሎ መዝጋት ይሻላል።

ከመግዛትዎ በፊት

ያለ ስልክ፣ በቁልፉ ብቻ ይሠራል ወይ? ብሉቱዙን መዝጋት ይቻላል ወይ? መተግበሪያው አካውንት ካልከፈታችሁ አልሠራም ይላል ወይ? የመጀመሪያው መልስ «አይሠራም» ከሆነ አይግዙት። ጥሩ የእጅ ባትሪ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ መተግበሪያው ግን አምራቹ ማሻሻል ባቆመ ማግስት አዲስ ስልክ ላይ እምቢ ሊል ይችላል።

ብሉቱዝ የግድም አይደለም። አንዱሪል የተባለው ክፍት ፈርምዌር (ባትሪው ውስጥ ሆኖ የሚያዝዘው ሶፍትዌር) የተጫነባቸው ባትሪዎች ያለ ምንም ስልክ በአንድ ቁልፍ ይስተካከላሉ፦ የአሁኑ ስሪት በ4 ፈጣን ጭነት ይቆለፋል፣ 10 ጊዜ ተጭኖ የመጨረሻውን ይዞ በመቆየት ደግሞ ከቀላሉ አሠራር ወደ ሙሉው ይሻገራል። ጣጣው ይህን ሁሉ በቃል መያዝ ነው። ስልክ የማይወድ ሰው ቢመርጠው አይፈረድበትም።

መተግበሪያውን ሲጭኑ

በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን «ብራይተስት ፍላሽላይት ፍሪ» የተባለውን የስልክ መብራት መተግበሪያ ሠሪ ከስሶ ነበር። በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ የተጫነው ይህ መተግበሪያ ተጠቃሚው ያለበትን ትክክለኛ ቦታና የስልኩን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ይልክ ነበር። መብራት ለማብራት የት እንዳሉ ማወቅ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። እስከ አንድሮይድ 11 ድረስ የብሉቱዝ መሣሪያ ለመፈለግ ስልኩ ራሱ የአካባቢ ፈቃድ ይጠይቅ ስለነበር፣ በአሮጌ ስልክ ላይ ይህ ጥያቄ ብቻውን አያስደነግጥም። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ግን በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የሚመለከት የተለየ ፈቃድ መጥቷል። በአዲስ ስልክ ላይ አካባቢዎን፣ ይባስ ብሎም የስልክ ማውጫዎን የሚጠይቅ መተግበሪያ ይከልከል። ሲከለከል አልሠራም ካለ ባትሪውን ለሻጩ ይመልሱ።

ማጣመርና መፈተሽ

የእጅ ባትሪ የምስጢር ቁጥር የሚያሳይበት ስክሪን የለውም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ጋር የሚጣመረው ምንም ሳይጠይቅ ነው። ይህ ዓይነቱ ማጣመር መካከል ገብቶ ራሱን እንደ ስልክዎ ከሚያቀርብ ሰው አይከላከልም፤ ከብሉቱዝ 4.2 በፊት በነበረው ዘዴ ደግሞ በማጣመሩ ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው የግንኙነቱን የምስጢር ቁልፍ ሊያገኝ ይችላል። ካፌ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሳይሆን ቤትዎ ያጣምሩ።

ከዚያ ይህን ፈተና አይዝለሉ። የራስዎን ስልክ ብሉቱዝ ይዝጉ፣ የቤተሰብ ወይም የጓደኛ ስልክ ተውሰው ያንኑ መተግበሪያ ይጫኑና ለመገናኘት ይሞክሩ። ባትሪው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳይነኩ ከተገናኘ፣ በአቅራቢያው ያለ ማንም ሰው ያዝዘዋል ማለት ነው። ጎረምሳ ቢያበራው ቢያጠፋው ቀልድ ነው። ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ በሙሉ ኃይሉ ቢበራ ግን ቀልድ አይደለም፤ የጠንካራ ባትሪ መስታወት ጨርቅ ላይ ተደግፎ ሲበራ ያቃጥላል።

ሁለተኛው ፈተና ክትትልን ይመለከታል። ብሉቱዙ ክፍት የሆነ ባትሪ «እዚህ ነኝ» እያለ ምልክት ይልካል፣ ከምልክቱም ጋር አድራሻውን፣ ማለትም የብሉቱዝ መለያ ቁጥሩን። የኖርዌዩ ኖርዲክ ሴሚኮንዳክተር ኩባንያ ኤንአርኤፍ ኮኔክት የተባለውን ነፃ መተግበሪያ አንድሮይድ ላይ ከፍተው አድራሻውን ይመዝግቡ (አይፎን አድራሻውን ስለሚሸፍን አይጠቅምም)፣ በማግስቱም ይመልከቱ። ካልተለወጠ የባትሪው ባለቤት መውጫና መግቢያ ሊታወቅ ይችላል። ለባትሪው ስም ሲያወጡም የራስዎን ስም አይስጡት።

ደረጃዎቹን መወሰን

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አይመኑ። ኤፍኤል 1 በተባለው የአሜሪካ መመዘኛ መሠረት ሉመን (የብርሃኑ መጠን) የሚለካው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ የቆይታው ሰዓት ደግሞ ብርሃኑ ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ይቆጠራል። «1000 ሉመን፣ 5 ሰዓት» ማለት 5 ሰዓት ሙሉ 1000 ሉመን ማለት አይደለም።

ብርሃን እጥፍ ቢሆን ለዓይን እጥፍ ሆኖ አይታይም። 100፣ 150፣ 200 ብለው ቢደረድሩ ልዩነቱ እምብዛም ላይታይዎት ይችላል። እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ ቢያንስ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይሁን። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፦ ለንባብና የተኛ ሰው ላለመቀስቀስ 3 ሉመን፣ ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ 30፣ መንገድ ለመሄድ 120፣ ሩቅ ለማየት 500። የመጀመሪያው ጭነት ከዝቅተኛዎቹ አንዱን ያብራ፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ተነስቶ ሙሉውን ብርሃን ዓይኑ ውስጥ የረጨ ሰው ምክንያቱን ይረዳል። ብልጭ ድርግም የሚለውን ከተራው ያውጡት። የሙቀቱን ገደብ ግን ከፍ አያድርጉ።

ሲጨርሱ ስልኩን ያጥፉ፣ የባትሪውን ድንጋይ አውጥተው መልሰው ያስገቡና በቁልፉ ይሞክሩ። ያስተካከሉት ሁሉ እንዳለ ካልተገኘ ቅንብሩ የሚኖረው ስልኩ ላይ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ባትሪ ለክፉ ቀን አይመኩበት። የፈርምዌር ማሻሻያ ሲመጣ ደግሞ ድንጋዩ ሙሉ ሳለ፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጠው ብቻ ይጫኑ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ባትሪው ከናካቴው ላይነሳ ይችላል።

መዝጋት

ብሉቱዙን ከቅንብሩ ያጥፉ። ማጥፊያ ከሌለው የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ያህል ያላሉ፤ ቁልፉን ሲጫኑ ካልበራ ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል። ሬዲዮው ቀን ከሌት የሚመጠምጠው ኃይልም ይተርፋል። በቁልፍ ጭነት የሚደረገው መቆለፍ ይህን አይተካም፤ ሬዲዮው ሊቀጥል ይችላል። ከውጭ አገር ለዘመድ ይዘው የሚመጡም ክዳኑን አላልተው፣ ትርፍ የሊቲየም ድንጋዮችን ጫፋቸውን ሸፍነው በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም።

ለሌላ ሰው ሲሰጡት ወይም ሲሸጡት ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱት፣ ከአካውንትዎና ከስልክዎ የብሉቱዝ ዝርዝርም ይሰርዙት። አለዚያ ገዢው ጎረቤትዎ ከሆነ አንድ ምሽት ባትሪው በራሱ ሲበራ ሊያይ ይችላል።