የድሮ ቱቦ አምፕ ትሬሞሎ ሲፈጥንብን እንዴት እናዘግየው?

እዚሁ ባህር ዳር ሠርግ ላይ የሚጫወት አንድ ጊታሪስት ወዳጄ በቀደም አንድ ፌንደር የሚባል የአሜሪካ አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) በባጃጅ ጭኖ መጣ። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ቱቦ፤ ማለትም በትራንዚስተር ፋንታ አምፖል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ። «ድምፁ ማር ነው። ትሬሞሎው ግን ትዝታ ስጫወት ይቀድመኛል» አለኝ። ትሬሞሎ ድምፅን ጎላ ቀነስ የሚያደርግ ርግብግብ ነው።

የፍጥነት ማዞሪያውን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርገን በስልክ ሰዓት ቆጠርን። በ10 ሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። ዘገም ያለ ትዝታ ላይ እግር በሰከንድ አንዴ ሲመታ በየምቱ ሦስት ሦስት ነው የሚገባው። አምስት ሲሆን ከከበሮው ጋር ይጣላል። የምንፈልገው እንግዲህ በሰከንድ 3 ነው።

 ፌንደር ትሬሞሎውን ፓነሉ ላይ «ቪብራቶ» (ቅኝት የሚያወዛውዝ) ብሎ ቢጽፈውም አትደናገሩ፤ ቅኝቱ ንቅንቅ አይልም። ርግብግቡን የሚፈጥረው የአንዲት 12ኤኤክስ7 ቱቦ ግማሽ ነው። የራሷን ምልክት በሦስት ካፓሲተሮች አዙራ መልሳ ትቀበላለች። ካፓሲተሩ ኮረንቲ የሚጠራቀምበት እንስራ በሉት፤ ሰፋ ካለ ለመሙላት ይቆያል፣ ምቱም ይዘገያል።

ከመክፈታችሁ በፊት ሁለት ነገር። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ፌንደሮች የእግር ፔዳሉ ካልተሰካ ትሬሞሏቸው አይሠራም። ስንቱ ሰው ይህን ሳያውቅ አምፑን በከንቱ ፈታ! ሌላው፣ ለአሜሪካ የተሠራ ከሆነ የሚፈልገው 120 ቮልት ገደማ ነው። የማውቀው አንድ ሰው ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ሰክቶት ጭሱ ሳሎኑን ሞላው።

አሁን ስፒናውን ንቀሉ። ግን ገና እንዳትነኩ! ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኮረንቲው ከተነቀለ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ይህ ሰው ይገድላል። ባለ 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ዕቃ) በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ያዙ። አንዱን ጫፍ ከብረት ሳጥኑ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ትልቅ ካፓሲተር ፖዘቲቭ ጋር አገናኝታችሁ 20 ሰከንድ ያህል ቆዩ። ከዚያ በቴስተር ለኩ። ዜሮ አካባቢ ካልወረደ ድገሙት። ግራ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከዚህ በኋላ ያለውን ለባለሙያ ስጡት፤ አያሳፍርም።

ሥራው ራሱ ቀላል ነው። በስልክ ፎቶ አንሱ። ከፍጥነት ማዞሪያው የሚወጣውን ሽቦ ተከትላችሁ ሰሌዳው ላይ ሦስቱን ካፓሲተሮች አግኙ። በብዙዎቹ ላይ አንዱ 0.02፣ ሁለቱ 0.01 ማይክሮፋራድ ናቸው። ሁለቱን 0.01 ሳትነቅሉ በእያንዳንዳቸው ጎን ሌላ 0.01 ሶልደር አድርጉ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ይደመራሉ። ፖዘቲቭ ኔጌቲቭ የላቸውም። ነገ ካልተስማማችሁ ደግሞ ነቅላችሁ መጣል ነው፤ ዋናው ዕቃ አልተነካም።

ካፓሲተሩን እኔ ከድሮ ሆዳም ቴሌቪዥን ሰሌዳ ላይ ነው የነቀልኩት። 103 የሚል ጽሑፍ 0.01 ማለት ነው። 630 ቮልት የሚል ካልተጻፈበት ግን ተዉት።

እግረ መንገዳችሁን ሬዚስተሮቹን ለኩ። ይህ አምፕ ጣና ዳር ያለ ቤት ውስጥ ስንት ክረምት አሳልፏል። የድሮ ካርቦን ሬዚስተር እርጥበት ሲጠጣ ልኩ ይለወጣል። አንዱ ከተጻፈበት በግማሽ በልጦ ስላገኘሁት ቀየርኩት።

ዝግት አድርገን ሞከርን። ትሬሞሎው ጭጭ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቱቦ ነው፤ በሌላ 12ኤኤክስ7 ስንቀይረው ተነሣ። እምቢ ቢል ኖሮ ቀጥዬ የማየው ከቱቦዋ ካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ጫፏ) ጋር የተያያዘውን ባለ 25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ነበር፤ በዕድሜ ይደርቃል። ቆጠርን፤ በ10 ሰከንድ 31።

ፈጣኑ ጫፍም አብሮ ቀንሷል። ይህን ስነግረው ወዳጄ ሳቀ። «እስክስታ ላይ ማን ትሬሞሎ ይከፍታል?» ብሎ ፔዳሉን በእግሩ ረግጦ አጠፋው።