ከመስቀል በኋላ ቤተሰብ ይዞ ወደ ጮቄ ለመውጣት

ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰቡን ይዞ የጎጃምን ተራራ፣ ጮቄን፣ ለማየት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ቀኑን ነው። በጎጃም ደጋ ዝናቡ በእንቁጣጣሽ ማግሥት አያቆምም፤ እስከ መስከረም አጋማሽ፣ አንዳንድ ዓመትም ከዚያ አልፎ፣ ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዶፍ ከነሐሴው የሚተናነስ አይደለም። ይህን የተማርኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት እናቴንና ሦስት ልጆቼን ይዤ በኮንትራት ሚኒባስ በወጣሁ ጊዜ ነው። ባለመኪናው «ለዚህ መንገድ ይሆናል» ብሎ ቀብድ ተቀብሎኝ ነበር፤ ጎማዎቹ ግን ያለቁ ነበሩና ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከሮብ ገበያ በላይ ባለ አንድ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ። ከሣር የተሠራ ገሳ የደረቡ ገበሬዎች ድንጋይ እያነጠፉና እየገፉ እስኪያወጡን ሦስት ሰዓት ፈጀ። እናቴ በአንድ ገበሬ ቤት እሳት ዳር በጋቢ ተጠቅልላ ተቀምጣ ነበር፤ ወጥተን ስንሄድ ዙሪያውን ጉም ውጦት ስታይ «ታዲያ ጮቄ የታለ ልጄ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዚያ ቀን ተራራውን አላየነውም።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው ጊዜ ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት መጨረሻ ያለው ነው። በእነዚህ ሳምንታት ሰማዩ ይጠራል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ምንጮቹና ፏፏቴዎቹ ግን ገና አልጎደሉም። አደይ አበባው በየማሳው ዳር ሲሆን ዝቅ ባለው አገር ደግሞ ኑጉ ቢጫ ለብሶ ይታያል፤ መስከረም 26 የሚገባውና እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ ስሙን በከንቱ አላገኘም። ኅዳር ከገባ በኋላ ሰማዩ ይበልጥ ቢጠራም ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤተሰብ ይከብዳል። መስከረም ትምህርት የሚከፈትበት ወር በመሆኑ ልጆቹን ከክፍል ላለማስቀረት ዓርብ ከሰዓት ተነሥቶ እሑድ ማታ መመለስ የሚቻለው ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ነዋሪ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ለሚመጣ አራት ቀን ያስፈልገዋል። ቀኑን ሲቆርጡ የአያቶችንም ጾም ያስቡበት፤ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ሳይሆን የጽጌን ጾም የሚጾሙ ብዙዎች ናቸውና ለእነርሱ የሚሆን ስንቅ ለብቻው መዘጋጀት አለበት።

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ አልጋ ከመያዝም መኪና ከመከራየትም በፊት፣ የመንገዱን ሰላም ማጣራት ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት በጎጃም መንገዶች የሚደረግ ጉዞ በየጊዜው ሲስተጓጎል ቆይቷል፤ ባለፈው ወር ሰላም የነበረ መንገድ በዚህ ሳምንት ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ሳይመሩ፣ በዚያው መንገድ በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮችንና በወረዳው የሚኖሩ ዘመዶችን አንድ ጊዜ ከሳምንት በፊት፣ አንድ ጊዜም በዋዜማው ደውሎ መጠየቅ ይገባል። ከሁለቱ አንዱ ካመነታ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው። ለቀብድ የከፈሉት ገንዘብ እንዳይቀር ብሎ ልጆችን ይዞ መውጣት አይገባም።

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከባሕር ዳር ደግሞ 260 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለውን የዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣት ስላለበት ፍሬኑን ከመነሻው በፊት ጋራዥ ወስዶ ማስፈተሽ፣ ቁልቁለቱንም በፍሬን ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሽ መውረድ አለበት። ጥዋት ጥዋት በሁለቱም ጫፍ ጉም ይተኛል፤ በክረምቱ መውጫም ከገደሉ ድንጋይ የሚንከባለልበት ጊዜ አለና በረሃውን ከረፋዱ ሦስት ሰዓት በኋላ፣ በብርሃን ማለፍ ይመረጣል። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ ጎን ስለሚታይ ልጆች ሁለቱን አነጻጽረው ይደሰታሉ፤ ይሁን እንጂ ወቅቱ የወባ ትንኝ የሚበዛበት ነውና በረሃው ውስጥ ማምሸት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እርሱም ከፍታው ነው። የዓባይ ድልድይ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል አንድ ሺህ ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጮቄ ከፍተኛ ቦታ ደግሞ 4,100 ሜትር ይጠጋል። በጮቄ አናት ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ከምናገኘው ስድሳ በመቶ ያህሉ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ድጎ ጽዮን የሚያልፈው መንገድ ተራራውን አቋርጦ ስለሚሄድ አያትም ሕፃንም ሳይደክሙ፣ በመኪና ተቀምጠው ከፍተኛው ቦታ አጠገብ ይደርሳሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ይምሰል እንጂ አደጋውም በዚሁ ውስጥ ነው፤ በእግሩ የሚወጣ ሰው ሰውነቱ ቀስ በቀስ ይለማመዳል፣ በመኪና የወጣ ግን ሰውነቱ ሳይዘጋጅ ከላይ ይገኛል። በዓባይ በረሃ ያረፈደ ቤተሰብ በዚያው ቀን ጮቄ ላይ ከዋለ በአንድ ቀን ሦስት ሺህ ሜትር ወጣ ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት፣ ቢቻል ሁለተኛውም፣ በደብረ ማርቆስ ይደር። በመጀመሪያው ቀን ከተማዋን ቀስ ብሎ መዞር ይበቃል። የቀድሞ ስሟ መንቆረር መሆኑን፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ እንደነበረችና አሁን የምትጠራበትን ስም ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ለልጆቹ በቦታው መንገር ይቻላል። በተራራው ላይ ማደር ለሚፈልጉ በጮቄ አካባቢ ያለው ኢኮ መንደር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት የተመረጠ ነው። እኔ ግን አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ወይም የልብና የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሽማግሌ ያለበትን ቤተሰብ ከፍ ካለ ቦታ እንዲያድር አልመክርም፤ የከፍታ ሕመም በእንቅልፍ ሰዓት ይብሳልና። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር፣ ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

የከፍታ ሕመም ምልክት ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ከልክ ያለፈ ድካም ነው። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ይላል፤ ሕፃን ግን አይናገርም። በሁለተኛው ጉዟችን አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ስትሮጥ ቆይታ በድንገት ዝም አለች፣ የምትወደውን በሶ ስሰጣት ፊቷን አዞረች፣ ከዚያም ጋቢዬ ውስጥ ገብታ መተኛት ፈለገች። «ደክሟት ነው» አልን። ቀደም ሲል ከሐኪም የሰማሁት ትዝ ብሎኝ ወዲያው ተነሥተን ወረድን፤ ሮብ ገበያ ስንደርስ ዳቦ ጠየቀች። መድኃኒቱ መውረድ ነው፤ ማሳረፍ ወይም ራስ ምታት ማስታገሻ ሰጥቶ መቆየት አይደለም። የወረደ ሰው ካልተሻለው፣ አካሄዱ ከተንገዳገደ ወይም በተቀመጠበት ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

መኪናን በተመለከተ ከፍ ያለና አራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና መያዝ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት ጎማውን በእጅ ዳስሶ ማየት፣ ስኮርታውና ክሪኩ መኖራቸውን ማረጋገጥ፣ ሾፌሩም ያንን መንገድ በክረምት ነድቶ ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ወደ ላይ ከወጡ በኋላ ጎሚስታ አይገኝም። ኔትወርክም በየቦታው ስለማይሠራ በሞባይል እከፍላለሁ ከማለት ጥሬ ብር፣ ያውም የተዘረዘረ፣ መያዝ ይሻላል።

አየሩ በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ ደብረ ማርቆስ በሸሚዝ በሚዋልበት ቀትር ጮቄ ላይ ሹራብና ጃኬት ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወፍራም ሹራብ፣ ዝናብ የማያስገባ ልብስ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ ይያዙ፤ ለልጆች ከስኒከር ይልቅ ቦቲ ጫማ ይሻላል፤ ሣሩ ጠል አለውና። ጋቢ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ የተኛ ሕፃን ይጠቀለልበታል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፀሐዩን ነው። ቅዝቃዜው ቆዳን ስለሚያታልል በዚያ ከፍታ ላይ የልጆች ጉንጭና አፍንጫ ሳይታወቅ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይቅር።

ለስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በፔርሙዝ የተያዘ ትኩስ ሻይ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃ ከከተማ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምንጩ ጥርት ብሎ ቢታይም ከብት ከላዩ ይሰማራልና ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። አረቄ ያሞቃል ብሎ በዚያ ከፍታ መጠጣት ጉዳት አለው።

የመውጫው ቀን ከደብረ ማርቆስ ከጥዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መነሣት፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ መውረድ መጀመር ተገቢ ነው፤ ደመናው የሚሰበሰበው ከቀትር በኋላ ነውና። በመንገድ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መቆም ለሰውነትም ለዓይንም ይጠቅማል። መጀመሪያ የድንቹና የገብሱ እርሻ ይታያል፤ ይህ እርሻ ወደ ተራራው ወገብ አልፎ ወጥቶ የሣሩን ምድር እያጠበበው መሄዱን ያየ ሰው ያዝናል፤ አርሶ የሚበላው ገበሬ ሌላ መሬት እንደሌለው ሲያስብ ደግሞ ሐዘኑ ለሁለቱም ይሆናል። ከዚያ በላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ፣ ጓሳ የሚባለው ሣርና ጅብራው ይመጣል።

ጅብራው ዘንድ ቆም ይበሉ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይበቅል ተክል ነው፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በብዙ የሚበልጥ የአበባ ግንድ ያወጣና ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ልጆቹ በቅጠሎቹ መካከል የቀረውን ጠል ጎንበስ ብለው እንዲያዩ፣ ቆርጠው ግን እንዳይወስዱ ይንገሯቸው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ተምጫና ብር ከዚህ ተራራ ተነሥተው ዓባይን የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ ከእግራቸው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ትናንት የተሻገሩትን ዓባይ እንደሚሆን ሲነገራቸው ልጆች ረጅም ሰዓት ሲያወሩበት ይውላሉ።

ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቆ አንድ የአካባቢ ወጣት መሪ መያዝ መንገድ ከማሳየትም በላይ ከእረኞች ውሾች ይጠብቃል። ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት ሰላምታ ሰጥቶ ማስፈቀድ፣ ባልታጨደ ገብስ ውስጥ አለመግባት፣ የፕላስቲክ ዕቃን ሁሉ ሰብስቦ ወደ ከተማ መመለስ የእንግዳ ግዴታ ነው። እረኛ ልጆች ሲከብቡዎት ብር ከማደል ቁጭ ብሎ ስንቅ ተካፍሎ መብላት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከቤተሰቡ መካከል ከፍታው የማይስማማው ሰው ካለ ጉዞው ይቅር ማለት አይደለም። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ እንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ከዋናው አስፋልት ብዙ ሳይርቅ፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። ሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ ደግሞ ለአያቶች ከጮቄ የበለጠ ትርጉም አለው፤ ምንጩ ጠበል ስለሆነ እህል የቀመሰ ሰው አይቀርበውምና ጥዋት፣ ከቁርስ በፊት መድረስ ያስፈልጋል። እናቴን በሦስተኛው ዓመት የወሰድኳት ወደዚያ ነበር፤ በጆግ ውኃ ቀድታ ለጎረቤት ይዛ ተመለሰች።

ከጮቄ በወረዱ ማግሥት ወዲያው ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ቤተሰብ ከደብረ ማርቆስ ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ቢነሣ በረሃውን ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልፈዋል። የረጠበው ጫማና ጋቢ ከመኪናው ኋላ ታጭቆ እንዳይሸት በዋዜማው ማታ በመኝታ ቤቱ በረንዳ ላይ ይሰጣ፤ ደጀን ላይ ቆሞ ፍሬኑን ማየትና ልጆቹን ማስቆረስ፣ ከዚያ ቁልቁለቱን መጀመር ነው።