«ሂሳብዎ ሊታገድ ነው፤ 1ን ይጫኑ»፦ ባንክ ነን ብለው ለሚደውሉ ማሽኖች ችግርና መፍትሄ

በቅጂ ድምፅ የሚደውለው ማሽን ራሱ ብር አይወስድም። ሥራው በወንፊት እንደ መንፋት ነው። ብዙ ቁጥር ላይ ይደውላል። የነቃው ይዘጋል፣ የደነገጠው ይጫናል። ዋናው ሌባ የሚመጣው ለደነገጠው ነው። ስለዚህ ነገሩን መቁረጥ የሚቀለው ገና ማሽኑ እያወራ ሳለ ነው።

ምልክት፦ ስልክ ስታነሱ አንዲት ሴት ትንፋሽ ሳትወስድ «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ ዛሬ ይታገዳል፤ ለማስቀጠል 1ን ይጫኑ» ትላለች

ምክንያቱ፦ በኢንተርኔት በኩል መደወል ርካሽ ነው። አንድ ኮምፒውተር ቀኑን ሙሉ ሲደውል ቢውል አይደክመውም። ሰበቡን ደግሞ ከእውነተኛ ነገር ይወስዱታል። ባንኮች ሂሳባችሁን ከፋይዳ ጋር አገናኙ እያሉ ነው አይደል? «ፋይዳዎ አልተገናኘም» ሲባል ልብ የሚደነግጠው ለዚያ ነው። 1ን ስትጫኑ ብር ወዲያው አይወጣም። «እዚህ የደነገጠ ሰው አለ» የሚል ምልክት ነው የሰጣችሁት። ከዚያ ለስላሳ አንደበት ያለው ሰው መስመሩ ላይ ይገባል።

ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንዲት እናት ስልካቸውን ከፊታቸው ለቆመው ወጣት ሲሰጡት አይቻለሁ። «የኔ ልጅ፣ አንድን ጫን ትለኛለች፤ የቱ ጋ ነው?»

«እማማ ይዝጉት፣ ሌባ ናቸው።»

«ሴት ናት እኮ! ደግሞ ሥርዓቷ!»

ማሽን ሥርዓት አያንሰውም። መሐል ላይ ጥያቄ ጠይቁት፤ ሳይሰማችሁ ይቀጥላል። ጥሩ መፈተኛ ነው፣ ግን አሁን አሁን መልስ የሚሰጡም ስላሉ ብዙ አትመኩበት።

መፍትሄው፦ ምንም ሳትጫኑ ዝጉ። «እንዳይደወልልዎ 9ን ይጫኑ» ቢልም አትጫኑ፣ 9ም ያው መልስ ነው። ከዚያ ራሳችሁ ደውሉ። ንግድ ባንክ 951 ነው፣ ቴሌብር 127፣ ኢትዮ ቴሌኮም 994። የሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆናችሁ ቁጥሩን ከኤቲኤም ካርዳችሁ ጀርባ ወይም ከቅርንጫፉ ውሰዱ። የመጣው ቁጥር ላይ ተመልሶ መደወል ግን ያው እነሱ ጋ ነው የሚወስደው። ሰንጋ ተራ ወይም ለገሃር አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ ምን ስልክ ያስፈልጋል? ባንክ በባንክ ነው፣ ገብታችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ስክሪኑ ላይ የባንኩ ስም ይነበባል

ምክንያቱ፦ ትሩኮለር (የደዋዩን ስም የሚያሳየው መተግበሪያ) ላይ የምታዩት ስም ሰዎች የጻፉት ነው። ማንም ሰው ቁጥሩን በባንክ ስም ሊያስመዘግብ ይችላል። በኢንተርኔት የሚመጣ ጥሪም የሌላ ቁጥር አስመስሎ መግባት ይችላል።

መፍትሄው፦ ስሙን እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት።

ምልክት፦ ስሜን እስከ አያቴ ይጠሩታል፣ የሂሳብ ቁጥሬንም ያውቃሉ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። «ባንክ ካልሆነ ከየት አመጣው?» ይላል። ከየትም ያመጣዋል። አራት ኪሎ ያለ ጁስ ቤት ግቡ፤ ካሸሩ አጠገብ በ1000 የሚጀምር የሂሳብ ቁጥር ከነስሙ ተለጥፏል። ሚኒማርኬቱም፣ የቴሌግራም ነጋዴውም እንዲሁ። ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ቁጥራችንን ግሩፕ ላይ እንለቃለን። ስም የሌለው ቁጥር ቢያገኙ እንኳ ብር እንደሚልክ ሰው ያስገቡታል፤ መተግበሪያው ለማረጋገጫ ብሎ የባለቤቱን ስም ያወጣላቸዋል።

መፍትሄው፦ ስምና የሂሳብ ቁጥር ሚስጥር አይደሉም። ሚስጥሩ ፒኑና በሜሴጅ የሚመጣላችሁ ኮድ ነው። እነሱን የጠየቀ ሁሉ፣ የጓዳችሁን ቢያውቅም እንኳ፣ ባንክ አይደለም።

ምልክት፦ እያወራችሁ ሳለ ያልጠየቃችሁት ኮድ በሜሴጅ ገባ

ምክንያቱ፦ ሌላኛው ወገን በእናንተ ቁጥር ወደ ሂሳባችሁ ሊገባ በሩ ላይ ቆሟል። የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው።

ማሽኑ እዚህ ላይ ብልጥ ነው። «ለማንም አይንገሩ» ይላል፤ ቀጥሎ «ኮዱን አስገብተው መሰላልን ይጫኑ» ይላል። ሰውም «ለማንም አልተናገርኩም፣ ስልኬ ላይ ነው የጻፍኩት» ብሎ ያስባል። ግን ጥሪ ላይ ሆናችሁ የምትጫኑት እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ድምፅ አለው። ማሽኑ ያንን ሰምቶ ወደ ቁጥር ይመልሰዋል። መጫን መንገር ነው።

መፍትሄው፦ ዝጉ፤ ወዲያው ፒናችሁን ቀይሩ።

ምልክት፦ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ሜሴጅ፣ ከዚያ «በስህተት ነው፣ መልሱልኝ» የሚል ልቅሶ

ሜሴጁን ማንም መጻፍ ይችላል። ባላንሱን እዩ፦ ንግድ ባንክ *889#፣ ቴሌብር *127#። ካልገባ አልገባም። በእውነት ገብቶ ከሆነም በራሳችሁ አትላኩ፤ ባንኩ ይመልሰው።

ምልክት፦ ከጥሪው በኋላ ስልኩ ጭጭ አለ፤ ማንም አይደውልም

ምክንያቱ፦ «ለማረጋገጥ ይህን ይደውሉ» ብለው *21* ወይም **21* ብሎ የሚጀምር ነገር አስደውለዋችኋል። ጥሪያችሁ ወደ እነሱ ቁጥር እየዞረ ነው። በድምፅ የሚነገር ኮድ፣ ለምሳሌ የቴሌግራም፣ እነሱ ጋ ይደርሳል ማለት ነው።

መፍትሄው፦ *#21# ብላችሁ መዞሩን እዩ፣ ##002# ብላችሁ አጥፉት። ኔትወርኩ ጭራሽ ከጠፋ ግን ሌላ ነው፤ ሲማችሁን ሌላ ሰው በስማችሁ አውጥቶት ሊሆን ይችላል። መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ቴሌኮም አገልግሎት ማዕከሉ ሂዱ፤ እየሄዳችሁ በሰው ስልክ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ሂሳቡን አሳግዱ።

ምልክት፦ ኮዱን ሰጥቻለሁ፣ ብሩም ወጥቷል

ቅድሚያ ባንኩ ነው፤ ደውላችሁ «አግዱልኝ» በሉ። ብሩ ገና ከተቀባዩ ሂሳብ ካልወጣ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል አለ፣ ስለዚህ ደቂቃው ዋጋ አለው። ቀጥሎ መታወቂያ ይዛችሁ ቅርንጫፍ ሂዱና በጽሑፍ አመልክቱ፣ ከዚያ ፖሊስ። ሜሴጁንም የጥሪ ዝርዝሩንም በንዴት እንዳታጠፉት። ስክሪንሾት አንሱ፤ ሰዓቱና የተቀባዩ ስም እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከቀናት በኋላ ደግሞ «ከምርመራ ክፍል ነው፣ የጠፋብዎትን ብር አግኝተናል፤ ለማስመለሻ ትንሽ ክፍያ ይላኩ» የሚል ስልክ ሊመጣ ይችላል። አንዴ የተሸወደ ሰው ቁጥር በመካከላቸው ይሸጣል። ማመልከቻችሁን ወደተቀበለው ቅርንጫፍ በእግራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ለሚደውለው አምስት ሳንቲም አትላኩ።