ስታቲንና ቫይረስ፦ ሊወገዱ የሚገባቸው የአረዳድ ስህተቶች

ኮሌስትሮልን የሚቀንሱት ስታቲኖች በሕዋስ ውስጥ የቫይረስን መራባት ሊገቱ እንደሚችሉ የሚያሳዩ ጥናቶች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ጥናቶቹን የምንጠራጠርበት ምክንያት የለም፤ የሚያሳስበው ከእነሱ ተነሥቶ የሚሰጠው ድምዳሜ ነው።

በብዛት የሚታየው ስህተት መድኃኒቱ ቫይረሱን የሚጎዳው ኮሌስትሮል ስለሚያሳጣው ነው ብሎ ማሰብ ነው። ስታቲን የሚያግደው ኢንዛይም፣ ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ፣ የሚሠራው ሕዋስ ኮሌስትሮልን በሚሠራበት ሂደት መጀመሪያ ላይ ስለሆነ፣ ከኮሌስትሮል በተጨማሪ አንዳንድ ፕሮቲኖች ከሕዋስ ሽፋን ጋር እንዲጣበቁ የሚያስችሏቸው ቅባታም ውህዶችም አብረው ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ሎቫስታቲን የተባለው ስታቲን የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስን አርኤንኤ (የዘር መረጃውን የያዘውን ሞለኪውል) መባዛት ገታ፤ ከእነዚህ ውህዶች ወገን የሆነው ጄራኒልጄራኒዮል ለሕዋሶቹ ሲጨመርላቸው ግን መድኃኒቱ እያለም መባዛቱ ቀጠለ። ይህም ቫይረሱን የጎዳው የኮሌስትሮል ሳይሆን የእነዚህ ውህዶች ማነስ መሆኑን ያሳያል፤ እንዲህ ያለ ቀላልና አሳማኝ ማረጋገጫ በዘርፉ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ስታቲኖችን ሁሉ እንደ አንድ መቁጠርም ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጃፓን ተመራማሪዎች ሲያነጻጽሯቸው ፍሉቫስታቲን ከሁሉም በልጦ ሲገኝ፣ ያንኑ ኢንዛይም የሚያግደው ፕራቫስታቲን በቫይረሱ ላይ ምንም ለውጥ አላሳየም።

ከሁሉ የሚከፋው የቤተ ሙከራን ውጤት በቀጥታ ወደ ሕመምተኛ ማሻገር ነው። ለሕዋሶች የሚጨመረው መጠን ብዙውን ጊዜ በማይክሮሞላር ሲለካ፣ ክኒን በዋጠ ሰው ደም ውስጥ የሚገኘው ግን፣ አብዛኛው መድኃኒት በጉበት ስለሚያዝ፣ ከማይክሮሞላር በሺህ እጥፍ በሚያንሰው በናኖሞላር ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አነስተኛ ጥናት አቶርቫስታቲን በተለመደው መጠን ለሄፓታይተስ ሲ ሕሙማን ተሰጥቶ የቫይረሱን ብዛት አልቀነሰም። ኢራን ውስጥ በኮቪድ ጽኑ ሕሙማን ላይ የተሞከረው አቶርቫስታቲንም ሞትንና የደም መርጋትን ጉልህ በሆነ መንገድ አልቀነሰም።

በሐኪም ሳይታዘዝ ስታቲን መጀመር አደገኛ ነው። በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ የኤችአይቪ ሕክምና ከአታዛናቪር ጋር የሚሰጠው ሪቶናቪር፣ ሲምቫስታቲንና ሎቫስታቲን በጉበት እንዳይሰባበሩ ስለሚያደርግ በደም ውስጥ እጅግ ይከማቻሉ፤ ጡንቻ ሊሟሟ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ከሪቶናቪር ጋር መውሰድ ክልክል ነው።

ይህን ሰምቶ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው ስታቲን ጨርሶ አያስፈልገውም ማለት ደግሞ ሌላ ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነውና 7,769 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ፒታቫስታቲን ከባድ የልብና የደም ሥር ሕመሞችን በ35 በመቶ ቀንሷል። ተሳታፊዎቹ ግን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነበር፤ ቫይረሱን የመቆጣጠሩ ሥራ የዚያ መድኃኒት ነው።