የመግቢያ ኮዱን አልቀበልም ካላችሁ የስልካችሁን ሰዓት እዩ

ኮሌጃችን የፈቀደልን የኤአይ ረዳት ኮፓይለት ነው፤ የሚከፈተው በኮሌጁ ኢሜይል ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 4 ቀን ሙሉ ልገባ አልቻልኩም። የይለፍ ቃሉ ያልፋል። ከኦተንቲኬተር (የመግቢያ ኮድ ከሚያወጣው የስልክ መተግበሪያ) ያየሁትን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ስጽፍ ግን «ትክክል አይደለም» ይላል።

የይለፍ ቃል ቀየርኩ። ብሮውዘር ቀየርኩ። መተግበሪያውንም አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ይህን እናንተ እንዳታደርጉት! የተመዘገበው አካውንት አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል የኮሌጁ አይሲቲ (የኮምፒውተር) ክፍል ሄዶ እንደ አዲስ መመዝገብ ይመጣል፤ እኔን የገጠመኝ ይኸው ነው።

እንደገና ተመዝግቤም ኮዱ እምቢ አለ። በመጨረሻ ስልኬን ከባልደረባዬ ስልክ ጎን ሳደርገው ነገሩ ገባኝ። የእኔን ሰዓት በእጄ ወደ ሀበሻ አቆጣጠር ሞልቼዋለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የእሱ 9:00 ሲል የእኔ 3:00 ይላል። ኮዱ ደግሞ በየ30 ሴኮንዱ የሚሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። የሚያጣራው ሲስተም ደግሞ በትክክለኛው ሰዓት ያሰላዋል፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ይዞ በጭራሽ አይገጥምም።

ሴቲንግ ውስጥ «ቀንና ሰዓት» ገባሁ፣ አውቶማቲክ የሚለውን አበራሁ፣ የሰዓት ክልሉ ጂኤምቲ+3 (የኢትዮጵያ) መሆኑን አየሁ። የሚቀጥለው ኮድ ወዲያው አለፈ።

የሀበሻ ሰዓት ማየት የምትፈልጉ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ፤ የስልኩን ሰዓት አትንኩት።