ሞዴል 20 ሳይሞላ ፋይል አይወጣም

ሰሞኑን ሁለት የሰፈር ልጆች አሮጌ ሞደም ከአንድ ዕቃ ቤት አግኝተው መጡና "እትዬ፣ ያንን ቦርድ እኛ እንደገና እንክፈተው። ግን ፋይል አምጡ የሚለውን ሰው ሁሉ እንዴት ነበር የሚችሉት?" አሉኝ። ቡና እያፈላሁ የነገርኳቸውን ነው እዚህ የማሰፍረው። ቦርድ ማለት ሰው ከቤቱ ኮምፒውተር በስልክ ደውሎ በሞደም የሚገባበት፣ መልእክትና ፋይል የሚለዋወጥበት ኮምፒውተር ነው።

ከ1992 እስከ 1998 ዓ.ም. ጅማ ፈረንጅ አራዳ፣ ቤቴ ሳሎን ጥግ፣ አንድ 486 ኮምፒውተር፣ አንድ ሞደምና አንድ የስልክ መስመር ነበረኝ። ቀን የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት እሠራለሁ። ማታ ከ3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ስልኩ የቦርዱ ነው። አንድ ሰው ከገባ ሌላው የሚሰማው "ተይዟል" የሚለውን ድምፅ ብቻ ነው። ፋይል ፈልጎ መስጠት ቀላሉ ሥራ ነበር፤ የሚያጣላን ደቂቃው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳቡን ልመዱ። አንድ ባይት በመስመሩ ላይ ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ይወስዳል። ሞደሙ በሰከንድ 2400 ቢት ከሆነ 240 ባይት ይሄዳል ማለት ነው። የድሮው 360 ኪሎ ባይት ፍሎፒ ሙሉውን በዚህ ፍጥነት ሲላክ ሃያ አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ቡናው ተቆልቶ አቦል እስኪቀዳ። ባለ 1.44ቱ ፍሎፒ በ9600 ቢት ልክ ያንኑ ያህል ይወስዳል። ሞደሙ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር አትመኑት፤ ዝናብ የጠጣ ገመድ ላይ ሲገናኙ ሞደሞቹ ራሳቸው ፍጥነታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ የማንንም ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት መጠኑን በ960 አካፍዬ ሰከንዱን ከጎኑ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው። በመንግሥት ግምጃ ቤት የሠራ ያውቀዋል፦ ጠያቂው ሞዴል 20 ይሞላል፣ ዕቃው በሞዴል 22 ይወጣል፣ አዲስ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ይንጠለጠላል። እኔም ቦርዱ ላይ ለጥያቄ ብቻ የሚሆን አንድ የመልእክት ክፍል ከፈትኩና ስሙን "ሞዴል 20" አልኩት። የሚሞላው አራት ነገር ነው፦ ምን ትፈልጋለህ፣ ለምን ሥራ፣ ማሽንህ ምንድን ነው፣ የትኛው ማታ ትወስዳለህ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

"ለምን ሥራ" የሚለውን እንዳትዘሉት። አንድ ልጅ የኤፕሰን ኤልኪው ፕሪንተር ድራይቨር ፈልጊልኝ ብሎ ጻፈ። ሁለት ሌሊት ፈልጌ፣ አሽጌ አስቀመጥኩለት። ወሰደና በማግስቱ "እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ጉንዳን የሄደበት ነው የሚመስለው" ብሎ መጣ። ሄጄ ሳየው ፕሪንተሩ ኤልኤክስ ነው። ኤልኪው 24 መርፌ አለው፣ ኤልኤክስ 9። ለ24 መርፌ የተሰናዳ ምስል ለ9ኙ ሲላክ የሚወጣው ያው ጉንዳን ነው። "የፕሪንተሩን ፊት ላይ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገልብጥልኝ" ብዬው ቢሆን ኖሮ ያ ሁለት ሌሊት የሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። ያኔ ኮምፒውተሮቻችን በሚሠሩበት ሥርዓት፣ በዶስ፣ የፋይል ስም ስምንት ፊደልና ሦስት ቅጥያ ነው፤ ያውም በላቲን። ጅማን አንዱ በአንድ "ኤም" ይጽፋታል፣ ሌላው በሁለት። ፈልጎ ያጣው ሰው "የለም" ብሎ እንደገና ይጠይቃል፤ እናንተም ያላችሁን ፋይል ፍለጋ ትወጣላችሁ። መፍትሔዬ አንድ አጻጻፍ መርጬ መያዝ፣ ሌሎቹን ደግሞ በማብራሪያው መስመር ላይ መደርደር ነበር። ዚፑ (የታሸገው ጥቅል) ውስጥ ፋይል አይዲ ዶት ዲዝ የምትባለውን ትንሽ ጽሑፍ አትርሱ፤ ልማዱ እያንዳንዱ 45 ፊደል የሚይዝ 10 መስመር ነው። የቦርዱ ሶፍትዌር አንብቦ ዝርዝሩ ላይ ራሱ ያወጣዋል። ማብራሪያ ላይ "በጣም ጥሩ ፕሮግራም" ብሎ የሚጽፍን ሰው አልወደውም። ምን ይሠራል፣ ስንት ሜሞሪ ይበላል፣ ሃርድ ዲስክ ይፈልጋል ወይ? ይኸው ነው።

የገባ ፋይል ሁሉ ቫይረስ ይፈተሻል፣ ተፈትቶ ይታያል፣ ከዚያ ብቻ ለሰው ይታያል።

ስለ ማስተላለፊያው፣ ፋይሉ በሞደም ስለሚላክበት ደንብ፣ ትንሽ ልቆይ፤ እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ዋርድ ክሪስተንሰን በ1977 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ኤክስሞደም 128 ባይት ይልክና "ደረሰኝ" የሚል መልስ ይጠብቃል፣ ከዚያ ሌላ 128። ይኸው ሰው ከራንዲ ሱዌስ ጋር ቺካጎ በበረዶ ከቤት መውጣት ቢያቅታቸው የመጀመሪያውን ቦርድ ሠርተው በየካቲት 1978 (እ.ኤ.አ.) የከፈቱት ነው። በኤክስሞደም መስመሩ ከተቆረጠ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ቻክ ፎርስበርግ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዚሞደም ግን ከቆመበት ይቀጥላል። ጎረቤት መጥታ ሳሎን ያለውን ስልክ ባነሳች ቁጥር መስመሩ ይበጠስ ለነበረ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠያቂዎቼን ሁሉ ዚሞደም ያለው ፕሮግራም ካልያዛችሁ አትደውሉ አልኳቸው።

ታዲያ አንድ ማታ አንዱ የግዕዝ ፊደል ጥቅል ግማሹን እንደወሰደ ተቆረጠበት። እኔ ደግሞ ጠዋት ላይ ማብራሪያው ላይ ስህተት አየሁና አርሜ፣ ዚፑን እንደገና አሽጌ፣ በዚያው ስም መለስኩት። ማታ ደውሎ ቀጠለ። ዚሞደም ከቆመበት ባይት ተነሥቶ የአዲሱን ፋይል ሁለተኛ ግማሽ የአሮጌው የመጀመሪያ ግማሽ ላይ ገጣጠመው። ሲፈታው ተበላሽቷል ይላል። ሦስት ማታ የስልክ ሂሳብ ከፍሏል ልጁ። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ሆነ፦ ለሰው የተቀመጠ ፋይል ሰውየው ወስዶ እስኪጨርስ አይነካም፤ መታረም ካለበት በሌላ ስም ይወጣል።

ትልቅ ፋይል ከሆነ እያንዳንዱ ከሃያ ደቂቃ እንዳይበልጥ ቆራርጡት፤ ቁራጮቹንም ቁጥር ስጧቸው። ለጠያቂው ለብቻው በይለፍ ቃል ሦስት ማታ አቆዩለት። በሦስተኛው ካልመጣ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል። ከአጋሮ የሚደውል ግን ከከተማ ልጅ ይቀድም ነበር፤ እሱ ለጥሪው የሚከፍለው ይበልጣል። ሐሙስ ማታ ሰልፉ ይረዝማል፣ በገበያው ቀን ሂርማታ የወረደው ሁሉ ዘመድ ቤት ያድርና ይደውላል።

በኔትወርክ ውስጥ ካላችሁ ሥራው ይቀላል። ቶም ጄኒንግስ በ1984 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው ፊዶኔት፣ ቦርዶች እርስ በርስ እየተደዋወሉ መልእክትና ፋይል በሚለዋወጡበት መረብ፣ ጠያቂው ኖድ (አባል ቦርድ) የፋይሎቹን ስም በአንዲት ትንሽ የጥያቄ ፋይል ይልካል፣ ማይለሩ (ጥሪውን የሚቀበለው ፕሮግራም) ማንም ሳይነቃ ይመልሳል። ስሙን ለማያውቅ "ፋይልስ" የሚል የታወቀ ቃል ይኖራል፤ እሱን የጠየቀ ሙሉ ዝርዝሩን ያገኛል። በአገራችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የሚባል የመረጃ ማዕከል በዚሁ ፊዶኔት ኢሜይል ያመላልስ ነበር። እኔ ግን ለብቻዬ ነበርኩ፣ ማይለሬም እኔው ነኝ። ለእንደኔ ዓይነቱ የምመክረው በየማታው ምን ያህል ኪሎ ባይት እንደወጣ በሁለት መስመር በደብተር ላይ መያዝ ነው።

ሌሎች ቦርዶች አንድ ያላስገባ ሦስት አይወስድም ይላሉ። ሞክሬው በአንድ ወር ዲስኬ በአንድ ዓይነት ጨዋታ አሥር ቅጂ ተሞላ። ተውኩት። የተሸጠ ሶፍትዌር የሚጠይቅም አይጠፋም። "የለንም" አትበሉ፣ ነገ መልሶ ይጠይቃል፤ "አንሰጥም" በሉና ያንኑ ሥራ የሚሠራ ነጻ ፕሮግራም ስሙን ጻፉለት።

የጅማ ነገር አንድ ልጨምር። ሐምሌ ላይ አንድ ከሰዓት ከጅሬን በኩል ነጎድጓድ መጣ፣ የኤሌክትሪኩን ሶኬት ነቀልኩ፣ የስልኩን ረሳሁ። መብረቁ በስልክ ገመዱ ገብቶ ሞደሙን አከሰለው፤ ሰልፍ ላይ አሥራ አንድ ሰው ነበር። ሁለቱንም ንቀሉ፣ መጀመሪያ የስልኩን።

ቆጠራ ሰኔ 30 ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማንም ያልነካው ፋይል ከዲስክ ወደ ፍሎፒ ይወርዳል። ፍሎፒዎቹን ካርቶን ውስጥ አታስቀምጡ፤ በክረምት እርጥበት ይሻግታሉ። ክዳኑ የሚገጥም የብስኩት ቆርቆሮ ይሻላል፤ የእኔዎቹ እስካሁን ቁምሳጥኑ ላይ ናቸው፣ ልጆቹ ትናንት ከአራቱ ሦስቱን አንብበዋቸዋል።